የሌሊት ሰማይና የወጀብ ፎቶ የሚያበላሹብን ስህተቶች

ሦስት ሰዓት ሙሉ ብርድ ላይ ቆሜ ነበር። ሰማዩ እንደዚያ ሌሊት ጠርቶ አይቼው አላውቅም። በካሜራው ስክሪን ላይ ሳያቸው ፎቶዎቹ ሁሉ ደስ ይሉ ነበር። ቤት ገብቼ በኮምፒውተር ስከፍታቸው ግን አንድም ኮከብ ነጥብ ሆኖ አልተገኘም። ሁሉም የደበዘዙ ትንንሽ ክቦች ነበሩ። ፎከሱ በጣም በትንሹ ተዛንፏል። እኔም በዚያ ሁሉ ሰዓት አንዴ እንኳ ምስሉን አጉልቼ አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሌሊት ወጥቻለሁ፤ ብዙ ደመናም አሳድጃለሁ። የራሴንም የጀማሪዎችንም የተበላሹ ፎቶዎች ሳይ አንድ ነገር ይደጋገምብኛል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የካሜራው አይደለም፤ የጥድፊያ ነው። ዘግይተን እንደርሳለን፤ ቶሎ ዕቃችንን እንሰበስባለን፤ በመሃሉም ማየት ያለብንን ሳናይ ቁልፉን እንጫናለን። ከታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ይመነጫሉ።

ጨረቃ የት እንዳለች ሳያጣሩ መውጣት

የአየር ትንበያ አይተን፣ ደመና የለም ብለን እንወጣለን። ከዚያ ሙሉ ጨረቃ ከተራራው ጀርባ ብቅ ትላለች። ፍኖተ ሐሊብን (በሰማይ ላይ እንደ ነጭ ጭረት የሚታየውን የእኛን ጋላክሲ) ለማንሳት ለመጣ ሰው ይህች ጨረቃ ከደመና ብዙም አትሻልም። ብርሃኗ ሰማዩን ይሞላዋል፤ ደካማዎቹ ከዋክብት ይጠፋሉ።

ጨረቃ ዑደቷን የምትጨርሰው በ29 ቀን ተኩል ገደማ ነው። ጨለማ የምትፈልጉ ከሆነ አዲስ ጨረቃ ከምትሆንበት ሌሊት በፊትና በኋላ ያሉትን አራት አምስት ቀናት ያዙ። የቀሩት ሌሊቶችም ጨርሶ የተዘጉ አይደሉም። ጨረቃ በአማካይ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ነው የምትወጣው። ስለዚህ ሙሉ ከሆነች ከአራት አምስት ቀን በኋላ እሷ እስክትወጣ ድረስ ጥሩ ጨለማ ታገኛላችሁ። የመውጫና የመግቢያ ሰዓቷን ስልክ ላይ ማየት ደቂቃ አይፈጅም።

ጀንበር ስለጠለቀች ብቻ ጨለመ ማለትም ስህተት ነው። ሰማዩ የምር የሚጨልመው ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ስትወርድ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ይህ ከ70 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ከምድር ወገብ በራቃችሁ ቁጥር ይረዝማል። በሩቅ ሰሜንና በሩቅ ደቡብ ቀኑ በጣም በሚረዝምባቸው ሳምንታት ሌሊቱ ጨርሶ ላይጨልም ይችላል።

ወቅትም አለ። የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ ማዕከል ያለው ቀውስ በተባለው ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ራሷ በዚያ በኩል ስለምትሆን ማዕከሉ አይታይም። በሰኔ ነገሩ ይገለበጣል፤ እኩለ ሌሊት ላይ የመጨረሻ ከፍታው ላይ ይደርሳል። በደቡባዊው ንፍቀ ክበብ ከአናት በላይ ይወጣል፤ ወደ ሰሜን በሄዳችሁ ቁጥር ደግሞ ወደ አድማሱ ዝቅ ይላል። በታኅሣሥ ይህን ማዕከል ፍለጋ መውጣት ትርፉ ድካም ነው። ያን ጊዜ ኦሪዮን የተባለውን ኅብረ ኮከብ አንሱ፤ እሱም ቢሆን ውብ ነው።

በጨለማ ደርሶ ቦታ መፈለግ

ይህን ስህተት ስንቴ እንደሠራሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። በእጅ ባትሪ ብርሃን የተመረጠ ቦታ ሁሌም የሆነ ችግር አለው። ዛፉ ከኮረብታው ጋር ተጣብቆ አንድ ጥቁር ጉብታ ይሆናል፤ ወይም ከአድማሱ ወዲያ ያለች ከተማ ብርሃን ግማሹን ሰማይ ብርቱካንማ ታደርገዋለች። በቀን ሂዱ። የትኛው ዓለት ከየት በኩል ጥሩ ቅርጽ እንዳለው እዩ፤ ገደሉ የት እንዳለ እወቁ። ሌሊት ላይ ዓይን በካሜራው ላይ ሲተከል እግር ይረሳል። አንድ እርምጃ ወደኋላ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ። ብቻችሁን ባትሆኑ ደግሞ ይመረጣል።

ፎከሱን ለካሜራው መተው

መጀመሪያ የነገርኳችሁ የእኔ ሌሊት የተበላሸው በዚህ ነው። አውቶ ፎከስ ጨለማ ውስጥ የሚይዘው ነገር ያጣል። ወዲያ ወዲህ ይልና የሆነ ቦታ ይቆማል። ሌንሱ ላይ ያለችው የተኛች ስምንት ምልክትም (በጣም ሩቅ ላለ ነገር የምትሆነው) ብቻዋን አትታመንም። ብዙ ሌንሶች ከእሷ አልፈው ይዞራሉ። ሙቀትና ቅዝቃዜም ትክክለኛውን ነጥብ ያንቀሳቅሱታል።

የሚያዋጣው መንገድ ይህ ነው። ፎከሱን ወደ ማንዋል ቀይሩ። ካሜራውን ወደ አንድ ደማቅ ኮከብ አዙሩ፤ ሲሪየስ ካለ ሲሪየስ፣ ከሌለ ያገኛችሁት ደማቅ ኮከብ ይበቃል። ስክሪኑ ላይ እስከ አሥር እጥፍ አጉሉት። ቀለበቱን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ኮከቡ እያነሰ እያነሰ ይሄድና መልሶ ማበጥ ይጀምራል። ትንሽ ወደኋላ መልሱ፤ በጣም ያነሰበት ቦታ ላይ አቁሙ። ከዚያ ቀለበቱን በፕላስተር አጣብቁት። አንድ ፎቶ አንሱ፤ አጉልታችሁም እዩት። አየሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ በየሰዓቱ እንደገና አረጋግጡ። አምስት ደቂቃ ትፈጃለች፤ ያቺ አምስት ደቂቃ ግን ሌሊቱን ሙሉ ታድናለች።

አጠገባችሁ ያለው ዓለት ግን አብሮ ጥርት ይላል ብላችሁ አትጠብቁ። በ20 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 2.8 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ከዋክብት ላይ ፎከስ ስታደርጉ ጥርት የሚለው ከ5 ሜትር ገደማ ወዲያ ያለው ነው። ከዚያ የቀረበ ነገር ካለ ለእሱ ሌላ ፎከስ፣ ሌላ ፎቶ ያስፈልጋል። ሁለቱን በኋላ ታዋህዷቸዋላችሁ።

ኮከቡ እስኪጎተት ሻተሩን ከፍቶ መተው

ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መጋረጃ) ተከፍቶ ብዙ ከቆየ ነጥብ መሆን የነበረበት ኮከብ ሰረዝ ይሆናል። ሰዎች የ500 ደንብ የሚሉት ቀላል ስሌት አለ፦ 500ን ለሌንሱ ሚሊ ሜትር አካፍሉ፤ መልሱ የሰከንዱ ጣሪያ ነው። በ20 ሚሊ ሜትር 25 ሰከንድ ይመጣል። ደንቡ የቆየ ነው። ፒክስላቸው ለበዛ ለዛሬ ካሜራዎች ይላላል። እኔ 300ን ነው የማካፍለው፤ በ20 ሚሊ ሜትር 15 ሰከንድ። ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ የሆነ ካሜራ ከያዛችሁ ሚሊ ሜትሩን መጀመሪያ በ1.5 አባዙት።

ረጅም የኮከብ ክብ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለያል። ያኔ ብዙ አጫጭር ፎቶዎችን በተከታታይ አንሥታችሁ ደርቡ። ካሜራው ሻተሩ ረጅም ጊዜ ሲከፈት (ለረጅም ኤክስፖዠር) የሚያደርገውን የኖይዝ፣ ማለትም በፎቶው ላይ እንደ አሸዋ የሚበተን ነጠብጣብ፣ ማጽጃ ግን አጥፉት። ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ያንኑ ያህል ጊዜ ለራሱ ይወስዳል፤ የከዋክብቱ መስመር ይቆራረጣል።

አይኤስኦን መፍራት፣ ስክሪኑን ማመን

ከፍ ያለ አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ስሜት ቁጥር) ፎቶ ያበላሻል የሚል ፍርሃት በብዙ ሰው ውስጥ አለ። ስለዚህ በ400 ያነሱና ጨለማ ይዘው ይመለሳሉ። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሲያበሩት ኖይዙ በብዙ ካሜራዎች የባሰ ሆኖ ይወጣል። ኖይዝ የሚያመጣው የብርሃን ማነስ ነው። ለፍኖተ ሐሊብ ከ1600 እስከ 6400 መሄድ የተለመደ ነው። ሌንሱን ወደ ኤፍ 2.8 ክፈቱ። በጣም የሚከፈቱ ሌንሶች፣ ለምሳሌ ኤፍ 1.4፣ ጥግ ላይ ያሉትን ከዋክብት ክንፍ ያወጡ ወፎች ያስመስሏቸዋል፤ ትንሽ ማጥበብ ይረዳል። በራው ፎርማት (ካሜራው የያዘውን ሁሉ ሳይጥል በሚያስቀምጠው) አንሱ። ጄፔግ ጨለማው ውስጥ ያለውን ዝርዝር ይጥለዋል፤ ከጣለው በኋላ አይመለስም።

ኖይዙን የምር መቀነስ የሚፈልግ ሰው መሣሪያው ትዕግሥት ነው። ያንኑ ሰማይ 16 ጊዜ አንሥታችሁ፣ ከዋክብቱን በፕሮግራም አገጣጥማችሁ፣ አማካዩን ብትወስዱ ኖይዙ ወደ ሩብ ይወርዳል። ምንም አዲስ ዕቃ አያስፈልግም።

ስክሪኑን በተመለከተ፦ ዓይናችሁ ጨለማ ለምዷል። በቀን የደበዘዘ የሚመስላችሁ ስክሪን ሌሊት ላይ እንደ መስኮት ያበራል። ጨለማ የሆነ ፎቶ ብሩህ መስሎ ይታያችኋል። የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱና ሂስቶግራሙን፣ ማለትም ጨለማውን በግራ፣ ብሩሁን በቀኝ የሚያሳየውን ግራፍ፣ እዩ። የግራፉ ጉብታ ሙሉ በሙሉ ግራው ጥግ ላይ ተለጥፎ ከሆነ ምንም ዝርዝር አልያዛችሁም።

ነጭ መብራት ማብራት

የሰው ዓይን ጨለማን በደንብ የሚለምደው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። አንድ የስልክ መብራት ያን ሁሉ በሰከንድ ያጠፋዋል። ደብዛዛ ቀይ መብራት ተጠቀሙ። አጠገባችሁ ሌላ ሰው እያነሳ ከሆነ ይህ የጨዋነትም ጉዳይ ነው፤ መብራታችሁ የእሱ ፎቶ ውስጥ ነው የሚገባው።

ጨረቃን ሌሊት ነው ብሎ መለካት

ጨረቃ ዋናዋ ርዕስ ስትሆን ስህተቱ ይገለበጣል። ሰማዩ ጨለማ ስለሆነ ካሜራው ብርሃን ይጨምራል፤ ጨረቃ ነጭ ሳህን ትሆናለች። ጨረቃ እኮ ፀሐይ የወጣባት ድንጋይ ናት። ለእሷ የሚሠራው የቀን ልክ ነው፦ ኤፍ 11፣ አይኤስኦ 100፣ የሰከንድ አንድ መቶኛ። ከዚያ ተነሥታችሁ አስተካክሉ።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1941 በኒው ሜክሲኮ፣ ሄርናንዴዝ የምትባል መንደር አጠገብ ጨረቃ ስትወጣ መኪናውን አቁሞ ያነሳት ፎቶ ዝነኛ ናት። በጥድፊያው የብርሃን መለኪያውን አላገኘውም። ግን የጨረቃን የብርሃን መጠን በቃሉ ያውቀው ነበር፤ ከዚያ ተነሥቶ አስልቶ አነሳ። ሁለተኛ ሊደግም ሲል ፎቶዋ ውስጥ ባሉት የመንደሯ መቃብር መስቀሎች ላይ ያረፈው የፀሐይ ብርሃን አልፎ ነበር። ቸኩሎ ነበር፤ ማወቅ ያለበትን ግን ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ከጨረቃ ጋር ምድሩም እንዲታይ ካሰባችሁ ሙሉ ጨረቃ ጀንበር በምትጠልቅበት ሰዓት ገደማ ስትወጣ ያዟት። ያኔ ምድሩና እሷ በብርሃን ይቀራረባሉ።

ጀንበር ስትገባ ዕቃ መሰብሰብ

ይህ ያሳዝነኛል። ሃያ ሰው ኮረብታ ላይ ቆሞ ጀንበር ስትጠልቅ ያነሳል። ክቧ ከአድማሱ ስትሰወር አሥራ ስምንቱ ወደ መኪናው ይመለሳል። ሰማዩ ደግሞ ቀይ መሆን የሚጀምረው ገና ከዚያ በኋላ ነው።

ምክንያቱ ከፍታ ነው። እኛ ያለንበት መሬት ከጨለመ በኋላም ላይ ያሉት ስስ ደመናዎች ፀሐይ ያገኛቸዋል። ብርሃኑም ረጅም መንገድ በአየር ውስጥ ስለተጓዘ ሰማያዊው ተበትኖ ቀዩ ብቻ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የደመቀው ቀለም ከጀንበር መጥለቅ በኋላ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል። የነጎድጓድ ደመና ደግሞ አናቱ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ታች ሁሉ ከጠቆረ በኋላ እሱ ለብቻው እንደ ፍም ሲበራ አይቻለሁ። ቀለሙ እንዲመጣ ግን በፀሐይ በኩል ያለው አድማስ ክፍት መሆን አለበት። እስከ ሩቅ ምዕራብ ድረስ በደመና ከተዘጋ ብርሃኑ መግቢያ የለውም። ከመውጣታችሁ በፊት የሳተላይት ምስል ላይ ይህን ክፍተት ፈልጉ።

ዝናብ ሲጀምር ሮጦ መሄድም ከዚሁ ይመደባል። ጠፍጣፋ ሰማያዊ ሰማይ ለፎቶ ብዙ አይሰጥም። ትልቁ ብርሃን ያለው ወጀቡ ሲያልፍ፣ ጠርዙ ላይ ነው፤ ጥቁሩ ደመና ከኋላ፣ የፀሐይ ጨረር ከፊት። ስለዚህ ከነጎድጓድ ውጪ በሆነ ዝናብ መኪና ውስጥ ጠብቁ።

መብረቅን በቅርብ ማንሳት

እስካሁን ቆዩ፣ ታገሡ ስል ቆይቻለሁ። እዚህ ላይ ግን ቶሎ መሄድ ነው ያለባችሁ። የትኛውም ፎቶ ለዚህ አይበቃም።

ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከሰማችሁ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ነው፤ ግቡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቁ። እኔ ጋ ገና ዝናብ አልደረሰም ማለት ዋስትና አይደለም። መብረቅ ከዝናቡ 15 ኪሎ ሜትር ርቆ ሊወርድ ይችላል። ገላጣ ኮረብታ ላይ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) ይዞ የቆመ ሰው በአካባቢው ረጅሙ ነገር እሱ ነው። ዛፍ ሥር መጠለል የባሰ ነው። ጠንካራ ቤት፣ ያ ከሌለ ጣሪያው ብረት የሆነና መስኮቱ የተዘጋ መኪና ይሻላል። ደረቅ ወንዝ ውስጥም አትቁሙ። እናንተ ጋ ባይዘንብም ላይኛው አገር ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይመጣል።

ጥሩው የመብረቅ ፎቶ ደግሞ የሚገኘው ከሩቅ ነው። ደመናው ሥር ያለ ሰው የሚያየው ግራጫ ጣሪያ ብቻ ነው። ከሩቅ ግን ደመናው ሙሉ ቅርጹን፣ የዝናቡን መጋረጃና የመብረቁን መስመር ከነምድሩ ያሳያል።

ብልጭታውን አይቶ መጫን አይሠራም፤ ጣታችሁ እስኪደርስ አልፏል። ሌሊት ላይ ሻተሩን ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ከፍታችሁ ደጋግሙ፤ መብረቁ ራሱ ይገባል። ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። መብረቁ በጣም አጭር ስለሆነ ሻተሩን ማስረዘም የመብረቁን መስመር አያደምቀውም፤ የሚያደምቀው ዙሪያውን ነው። የመስመሩ ድምቀት በአፐርቸሩ (በሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እና በአይኤስኦው ነው የሚወሰነው። በአይኤስኦ 100፣ በኤፍ 8 ጀምሩ፤ መብረቁ ሩቅና ቀጭን ከሆነ ወደ ኤፍ 5.6 ክፈቱ።

ፖላራይዘሩን ረስቶ መተው

ፖላራይዘር በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃንን ብቻ የሚያሳልፍ የሌንስ ፊልተር ነው። የቀስተ ደመና ብርሃን ደግሞ በአብዛኛው እንዲህ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ (ፖላራይዝድ) ነው። ፊልተሩን በአንድ በኩል ስታዞሩት ቀስቱ ይደምቃል፤ በሌላ በኩል ስታዞሩት ይጠፋል። ቀስተ ደመናን በአጋጣሚ አጥፍቶ የመጣ ሰው አውቃለሁ። በሰፊ ሌንስ ደግሞ ሰማዩን በአንድ በኩል ያጠቁረዋል። ሌሊት ላይ ከነጭራሹ አውልቁት፤ ብርሃን ይበላል።

ቀስቱን ለመፈለግ ለፀሐይ ጀርባ ስጡ። ሜዳ ላይ ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በላይ ከወጣች አይታይም። ስለዚህ የቀትር ዝናብ ላይ አትድከሙ፤ የጠዋቱንና የማምሻውን ጠብቁ።

ጭጋግ ውስጥ ካሜራው ነጩን ግራጫ ያደርገዋል። ኤክስፖዠሩን በአንድ ስቶፕ ከፍ አድርጉት፤ ብርሃኑ እጥፍ ይሁን።

ሰማዩን ኮምፒውተር ላይ ማቃጠል

ሌሊቱን ሙሉ ታግሦ ያነሳ ሰው ኤዲት ላይ ይቸኩላል። ሁሉንም ማስተካከያ እስከ ጥግ ይገፋዋል። ፍኖተ ሐሊብ ሐምራዊ፣ ወጀቡ ደግሞ ጥቀርሻ የተቀባ ይሆናል። ከዋክብት የራሳቸው ቀለም አላቸው። የኦሪዮን ቤተልጌዝ ቀይ ናት፤ ሪጀል ሰማያዊ ነጭ ነው። ይህን ልዩነት ካጠፋችሁት እውነቱን አጥፍታችኋል። አድማሱ ላይ የምታዩት ደካማ አረንጓዴም ሁልጊዜ የካሜራ ስህተት አይደለም። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ኦክሲጅን በራሱ የሚሰጠው ብርሃን ሊሆን ይችላል። ከመሰረዛችሁ በፊት አስቡበት። እኔ ሠርቼ እንደጨረስኩ ፎቶውን ዘግቼ በማግሥቱ እንደገና እከፍተዋለሁ። ያን ጊዜ ከልክ ያለፈው ወዲያው ይታየኛል።

ጤዛንና ቅዝቃዜን መርሳት

ሌንስ ወደ ጠራ ሰማይ ተገልጦ ሲቆይ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል፤ ጤዛ ይይዘዋል። ፎቶዎቹ ቀስ በቀስ እየደበዘዙ ስለሚሄዱ ቶሎ አይታወቅም። በየጊዜው የሌንሱን ፊት እዩት። ሌንስ ላይ የሚጠመጠም፣ በባትሪ የሚሞቅ ቀበቶ አለ፤ ደጋግሞ ለሚወጣ ሰው ጥሩ ዕቃ ነው። ተለዋጭ ባትሪ በውስጥ ኪሳችሁ ያዙ፤ ብርድ የካሜራ ባትሪን አቅም ይቀንሳል።

ስትመለሱ ደግሞ የቀዘቀዘውን ካሜራ ይዛችሁ ሞቃት ክፍል ዘው አትበሉ። በውስጡም በውጪውም ውሃ ያልበዋል። ገና ደጅ ሳላችሁ ቦርሳው ውስጥ ክተቱት፤ ዝጉት፤ ቤት ገብታችሁም አንድ ሁለት ሰዓት ሳትከፍቱ ተዉት። ፎቶዎቹን ቶሎ ማየት ካማራችሁ ሜሞሪ ካርዱን ቦርሳውን ከመዝጋታችሁ በፊት አውጡት።